ለዊልማ ሽትሩቤ ከኛ መንደር ስንት?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

በቴክሳስ ምድር እንደኔ ቶሎ ማንበብ የተማረ ሽማግሌ የለም። ደህና... በማታ ትምህርት ክፍላችን። እሺ፣ በመጨረሻው ወንበር ከተቀመጥነው መሃል። በስድሳ ሦስት ዓመቴ ግን ይኸው እጽፋለሁ።
ላሞቹን አጠጣሁ። ግጦሹ መሃል ያለው አሮጌ የነዳጅ ጉድጓድ አሁንም ጨዋማ ውሃ ይተፋል። ሣሩ ደርቋል። የጉድጓዱ ባለቤት ጠፍቷል፣ የሚደፍነውም የለ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

ዊልማ ሽትሩቤ ቤቴ መጣች! በትንሹ ፓርቲ ስም ለክፍለ ግዛቱ የነዳጅ ጉድጓድ ተቆጣጣሪነት የምትወዳደረው። የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ሰዎች ደብዳቤ ላኩልኝ፤ እሷ ሱሪዋን ጠቅልላ ጭቃው ውስጥ ገባች።
እንደማታሸንፍ ራሷ ነገረችኝ። "ከመቶ ሁለት ካገኘሁ ግን የፓርቲያችን ስም ለሚቀጥለውም ምርጫ ወረቀቱ ላይ ይቆያል። ያለዚያ እንደገና ለመመዝገብ ቤት ለቤት ፊርማ ልመና ነው" አለች።
ከመንደራችን አሥር ድምፅ ቃል ገባሁላት። አሥር! ምን ነካኝ?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23

መኖ መሸጫው ጋ። ዱዌን፣ የሚስቴ ወንድም፣ ሰው ሁሉ ፊት...
"ኦርቪል፣ ድምፅህን ከምትደፋው ለላሞችህ አትሰጣቸውም?"
"ላሞቼ ካንተ ይሻላሉ። ውሃው መጥፎ መሆኑን አውቀዋል።"
"የመንደሩ ውጤት እኮ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። አንዲት ድምፅ ካየን አንተ ነህ!"
ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን... እውነት አንዲት ብቻ ብትሆንስ?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

እሳት አደጋ ጣቢያው ሄጄ መረጥኩ። ድሮ ከላይ የአንዱን ትልቅ ፓርቲ ሳጥን አጥቁሬ፣ እጩዎቹን ሁሉ በአንዴ መርጬ እወጣ ነበር። ማንበብ አለመቻሌን ዱዌን እንኳ አያውቅም። ዛሬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ በአምስት ደቂቃ!
ዱዌን ከኋላዬ ተሰልፎ ነበር።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

የውጤቱ ወረቀት የእሳት አደጋ ጣቢያው በር ላይ ተለጥፏል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሽትሩቤ፣ አራት። አራት!
ቃል የገባሁት አሥር ነበር... አራትም ቁጥር ነው። እኔ፣ ሚስቴ ላቬርን... ሌሎቹስ? ዱዌን ጫማውን ያያል።
"አንተ ነህ እንዴ?"
"ዝም በል ባክህ፣ ሰው ይሰማል!"
ለካ የሱም መሬት ላይ እንደኔው የሚተፋ አንድ ጉድጓድ አለ። አራተኛው አልታወቀም። እስኪታወቅ ያገኘሁትን ሁሉ አቅፌ ሰላም እላለሁ።
ሬዲዮው፦ ዊልማ ተሸንፋለች። ከመቶ ሦስት ግን አግኝታለች። የፓርቲው ስም ይቆያል! ጉድጓዱ ዛሬም ይተፋል፣ እኔ ግን ምሳ ሁለቴ በላሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ያ አምስት ደቂቃ ውሸት ነው። ሠላሳ አምስት ነው። የዊልማ ስም ላይ ስደርስ ንባቡ ጠናብኝ፤ በጣቴ፣ ፊደል በፊደል። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ።
ዱዌን ወደነሱ ዞሮ፣ "ተዉት፣ እያነበበ ነው" አላቸው።