መስክ ሄዷል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 3 ሰዓት
ዛሬም አልተነሳሁም። አራተኛ ቀኔ። ከችግኝ ጣቢያው አለቃዬ ደወለ፤ ስልኩ እጄ ላይ ሲጮህ እያየሁት ተዘጋ። ችግኞቹን ማን አጠጣቸው? እንጃ። ፊቴን መታጠብ ዳገት ሆኖብኛል። አላለቅስም። ባዶ ነኝ፣ በቃ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ከሰዓት
ልጄ ሶስና ከትምህርት ቤት ገባች። መኝታ ቤቱ ዝግ ነው። ባለቤቴ አልማዝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አባትሽ መስክ ሄዷል" ስትላት ሰማሁ። ትንፋሼን ዋጥኩ።

አንተ ደብተር፣ ይህን ለአንተም ነግሬህ አላውቅም። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የሶስና እኩያ። አባቴ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ወስደው አሳደሩኝ። መስክ ሄዷል አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ዊንጌት ታክሲ መቆሚያው ጋ ቆሜ ጠበቅሁት። መርዶውን የነገረኝ የለም። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ተጣልተን፣ "አባትህ እንደሆነ ሞቷል!" አለኝ። ቤት ገብቼ አልጠየቅሁም። ምሳዬን በላሁ።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ አላለቀስኩለትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
እንደምንም ለብሼ አክስቴ ዘንድ ወጣሁ። ያኔ ጎረቤት ያስቀመጡኝ እሳቸው ናቸው። ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

"ልጅ ነው፣ ይረሳዋል ብለን እኮ ነው። ዛሬ ነገ ስንል አደግህብን።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት። ቁጣም የለኝም። ቁልቁል ስመለስ ቤት ባልደርስ ብዬ ተመኘሁ። በጭራሽ ባልደርስ። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ማታ 12 ሰዓት
እሑድ የተመኘሁትን ለአልማዝ ነገርኳት። ተቆጣች፤ ለምን ብቻህን ያዝከው ብላ። ከዚያ እጄን ይዛ ቁጭ አለች። ነገ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ትወስደኛለች። ይጠቅመኛል ብዬ አላምንም። እሄዳለሁ ግን።

ሶስናን ጠራኋት። ከቤት እንዳልወጣሁ፣ ታምሜ እንደተኛሁ ነገርኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ትሞታለህ?"

ሐኪም እንዲያየኝ ነገ እንደምሄድ፣ የሚለኝንም ራሴ እንደምነግራት ቃል ገባሁላት። አላመነችኝም። እኔም ልምጣ አለች። አልማዝ ትምህርት አላት ብላ እንቢ አለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ትቅር አልኩ። አብራን ትሄዳለች።