እማዬ አልወደቀችም

ዓርብ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ አሶሳ

ዛሬም ጠያቂ ሲጎርፍ ዋለ። ገና በሩን ሳያልፉ «የት ወድቃ ነው?» ይላሉ። የትም አልወደቀችም! አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ ነው ጭኗ ቋ ብሎ የተሰበረው። የጡቷ ካንሰር አጥንቷ ውስጥ እንደገባ ሐኪሙ ራጁን እያሳየ ነግሮናል። ግን ማን ይሰማል? «ቅልጥም አጠጧት፣ ይገጥማል» ይሉኛል። ደግሞ ሁሉም ፍልሰታ ጿሚ ናቸው!

ከሁሉም የባሰው አጎቴ ነው። አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላት መኪና ፈልግልን ብዬ ስለምነው ስልኩን የዘጋ ሰው፣ ዛሬ ከባምባሲ ወጌሻ አስከትሎ መጣ። የተሰነጠቀ ቀርከሃና ቅቤ ይዘዋል። «ሐኪም ስለ አጥንት ምን ያውቃል? አሽቶ ያስርላትና ትነሳለች» አለኝ። ይህንን ነው እንግዲህ ዘመድ ሁሉ አዋቂ የሚለው! ካንሰር የበላውን አጥንት ሊያሳሽ! ሁለቱንም ከነቀርከሃቸው አስወጣኋቸው።

ስመለስ እማዬ ብርድ ልብሷን ገልጣ፣ እግሯን አዘጋጅታ ትጠብቃለች።

«ምነው መለስሽው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ እንዳይነካ ብሏል።»

«አውቃለሁ። ወጌሻ ሲመጣ ግን ስብራት ብቻ የሆነ ይመስለኛል።»

ብርድ ልብሷን መልሼ አለበስኳት። ወዲያው ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ዣንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ።

«ውይ በሞትኩት! የት ወድቃ ነው?»

እማዬ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ጓሮ» አልኳቸው፣ «ጭቃው አዳልጧት።»