ያልቀመስኩት የጊፋታ ሥጋ

መስከረም 18፣ ሶዶ

የወላይታን ዘመን መለወጫ ጊፋታን ተበላ ከተማ፣ ታናሽ ወንድሜ ቤት ዋልኩ። በአባታችን መሬት ተኳርፈን ከርመን ሽማግሌዎች ያስታረቁን በቅርቡ ነው። በቤታችን ልማድ ታላቅ ሳይቀምስ ጥሬ ሥጋው አይነካም። ወንድሜ ከሻኛው ቆርጦ በዳጣ በርበሬ ነክሮ ዘረጋልኝ።

«ሪህ ይዞኛል። ዩሪክ አሲድህ ከፍ ብሏል ብሎ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል» አልኩት።

«ጋሼ፣ የከለከለህ ሐኪሙ ነው ወይስ ልብህ?»

ባለፈው ወር የእግሬ አውራ ጣት አብጦ አንሶላ ሲነካው እንኳ እጮህ ነበር። አሁን እብጠቱ ጠፍቷል፤ የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

«እንግዲያው አንተ አጉርሰኝ» አለ ወንድሜ በመጨረሻ። አጎረስኩት። የተሰበሰቡት ዘመዶችም መብላት ጀመሩ። እኔ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ተቀቅሎ በአይብ በላሁ።

እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ።

«እውነት እግርህ ነው?» አለኝ ስንደርስ።

«እግሬ ነው፤ አሁንም ሥጋ ይፈራል።»

«እሺ» አለ። ዓይኑ ግን እሺ አላለም።

ወዲያው የሚኒባሱ ረዳት «ሶዶ! አንድ ሰው!» ብሎ ተጣራ። እንዳያመልጠኝ እግሬን ረስቼ ሮጬ ገባሁ። በመስኮት ስመለከት ወንድሜ እዚያው ቆሟል። እጄን አወዛወዝኩለት። እሱ አላወዛወዘም።