እናቴን ደጅ ስላቆመው ዘመናዊ በርዎ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጉልበትዎስ? ጉልበትዎን ለይቼ የጠየቅሁት ሰሞኑን ትንሽ መቆም ሳይኖርብዎ ስለማይቀር፣ እንደ ጎረቤት አሳስቦኝ ነው።

እኔ በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ የሆንኩት፣ ከእናቴ ጋር ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው ነኝ። በስብሰባ ላይ «ቃራሚዋ» ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ስሙም ልክክ ብሎልኛል። ሕመምተኛ ተራውን ሲጠብቅ እኔ ከአንዱ ድረ ገጽ ወደ ሌላው ስቃርም እውላለሁ። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳለው ያወቅሁት እንዲሁ ስቃርም ነው። አንድም ልብ ሳይኖረው ኮሚቴ የሚመራ ፍጡር መኖሩን ግን የትኛውም ገጽ ላይ አላገኘሁም፤ እሱን ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ቅሬታዎቼ እነሆ፦

፩. ማንንም ያላስቸገረውን የዋናውን በር ቁልፍ አስነቅለው በስልክ የሚከፈት ዘመናዊ በር ስላስገጠሙልን እናመሰግናለን። የእናቴ ስልክ ከመደወልና ከመቀበል በቀር ሌላ ሥራ የማያውቅ መሆኑን ባስረዳሁዎት ጊዜ፣ በሩ እንዲህ ያለውን ስልክ ጨርሶ እንደማይቀበል በሙሉ እርግጠኝነት ነግረውኛል። እርግጠኝነትዎ እስካሁን ያስቀናኛል።

፪. እናቴ መድኃኒቷን ይዛ ከሕክምና ስትመለስ ዝናብ ያዛትና ደጅ ቆመች። እርስዎ ደረሱ፣ ከፈቱ፣ ገቡ። ለደኅንነት ሲባል አንዱ በከፈተው ሌላው እንደማይገባ ጨዋነት ባልተለየው ድምፅ አስረድተዋት፣ «ዘመኑን ያልተከተለ ደጅ ይቆማል» የምትል ምክር ጨምረው በሩን ዘጉባት። እኔ ከሥራ ስመለስ መድኃኒቱም እሷም ርሰው አገኘኋቸው። ያን ጊዜ የያዛት ሳል ለቋታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ቀን ወዲህ መውጣት ማቆሟ ነው። ማዶ ያለችውን እህቷን እንኳ በመስኮት በኩል እጇን እያወዛወዘች ነበር የምትጠይቃት።

፫. ይህንኑ በስብሰባ ባነሳሁ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ስቃርም ከምውል እናቴን ዘመናዊ ስልክ ባለማምዳት እንደሚሻል ተናግረው ጎረቤቱን ሁሉ አሳቁብኝ። ነገሩን ለመርሳት ሞክሬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልሞከርኩም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ?

ምክርዎን ንቄ መቃረሜን ቀጠልኩ። ጃንጥላን ማን እንደፈለሰፈው ሳነብ ስለ መቆለፊያ ታሪክ የሚያወራ ገጽ ላይ ወደቅሁ፤ ከዚያም የእኛን በር የሠራው ድርጅት መመሪያውን ለማንም በነጻ አስቀምጦት አገኘሁ። ለካ በሩ የራሱ ስልክ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የተመዘገበለት ሰው ከየትኛውም ዓይነት ስልክ፣ ከእናቴም ዓይነት ቢሆን፣ ሲደውል ይከፈታል። ቁጥር መመዝገብ አሮጊት ላይ በር ከመዝጋት የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

መመሪያው የመጀመሪያ ገጹ ላይ በቀይ ቀለም፣ በሩ በተገጠመ ዕለት የፋብሪካው የምሥጢር ቁጥር እንዲቀየር ያሳስባል። እርስዎን የመሰለ ለደኅንነት ተቆርቋሪ ይህን ይዘነጋል ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ለአክብሮት ያህል ብቻ በሩ ላይ ካሉት ቁጥሮች የፋብሪካውን አራት ዜሮ ነካሁ። በሩ እንደ ቤተ ዘመድ ተቀበለኝ።

የምሥጢር ቁጥሩን ቀይሬ የነዋሪውን ሁሉ ስልክ መዘገብኩ። እናቴ ትናንት ደውላ ወጣች፣ ከእህቷ ጋር ስታወጋ ዋለች፣ ደውላ ገባች። በሩ እንኳ ስልኬን አወቀው እያለች ስትስቅ አመሸች።

የዘመናዊነትዎ ጥላ ከሕንፃችን እንዳይርቅ እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣

ታዛዥዎ ቃራሚዋ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የነዋሪውን ሁሉ ያልኩት ከእርስዎ በቀር ማለቴ ነው፤ የእርስዎን ሰርዤዋለሁ። እናቴ ቁጥርዎን እንድመልስልዎ ከጠዋት ጀምሮ እየለመነችኝ ነው። እሷን እምቢ ማለት ስለማልችል እሺ ብያታለሁ፤ ብቻ መጀመሪያ አንዴ ይዝነብ።