ለጭፈራው የተዋስነው ቃጭል

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ገበያው ቀዝቅዟል። ከፋሲካ በኋላ ሁሌም እንዲህ ነው። ማህደር ዛሬም ከክፍሏ አልወጣችም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ከመጣ ሰባት ወር... ልጄ ፈተና ወደቀች እንጂ ሰው አልገደለችም። ግን እንዴት ላስረዳት?

ከሰዓት የጎረቤቴ የሳልህ ልጅ ሂክማ ሱቅ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር የህንድ ፊልም ዘፈንና ጭፈራ በመድረክ ሊያሳዩ ነው፣ ከከብት ገበያው አጠገብ ባለው ሜዳ። አባቷ ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ እሷም ማህደርም በህንድ ፊልም ነው ያደጉት።

«እትዬ ውባንቺ፣ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ያውሱን።»

ሁለት ዓመት የተኛ የመጋረጃ ጨርቅ አለኝ። ወይን ጠጅና ወርቃማ።

«አውሳለሁ። ልምምዱ ግን በእኔ ግቢ ነው።»

«ለምን?»

«ጨርቄን ከዓይኔ አላርቅም።»

አመነችኝ። የማህደር መስኮት ወደ ግቢው ነው የሚከፈተው።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ስድስት ልጃገረዶች። አቧራ። ዶሮዎቼ አጥር ዘለሉ። መስኮቱ ዝግ።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

መስኮቱ አንድ ጣት ያህል ተከፍቷል። እንዳላየ ሆኜ ሽንኩርቴን ከተፍሁ።

ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ሂክማ፣ ግራ እግር ነው የሚቀድመው።»

ሁሉም ቀጥ አሉ። ሂክማ ብልጥ ናት፤ ዞር እንኳ ሳትል «እስቲ ወጥተሽ አሳይን» አለች።

አልወጣችም። ግን መስኮቱን አልዘጋችውም።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ትርኢቱ ነገ ነው። ማህደር ግቢ መውጣት ከጀመረች ሳምንት ሆናት። ታስተምራለች፣ ታርማለች፣ ትቆጣለች። መድረክ ግን በፍጹም። «ሰው ሁሉ ያቺ የወደቀችው እያለ ነው የሚያየኝ» አለችኝ።  

የጎደለን የህንድ ጨፋሪዎች እግራቸው ላይ የሚያስሩት ቃጭል ነበር። ባህር ዳር አስፈለግሁ፤ የለም። ወንድሜ ባየህ ከላሞቹ አንገት ፈትቶ አመጣልን። የመሪዋን ላም ትልቁን ቃጭል ጭምር።

«ላሞቹስ?»

«አንድ ቀን ያለ ጌጥ ቢውሉ ምን ይላቸዋል?»

ተስማማሁ። እኔ፣ ፎገራ ላይ ከብት መሃል ያደግሁት...

ግንቦት 10፣ እሑድ

ሳቄ ገና አልበረደም።

ሜዳው ሞልቷል። ከይፋግ ሳይቀር መጥተዋል። ሳልህ ድምፅ ማጉያ ይዞ እንደ ድሮው የየዘፈኑን ታሪክ ይተረጉማል፣ ግማሹን ከራሱ እየፈጠረ። ማህደር ከመጋረጃ ጀርባ ለጨፋሪዎቹ ቃጭል ታስራለች።

አሥራ አንድ ሰዓት። ከብት የሚገባበት ሰዓት መሆኑን ያሰበ የለም። ልጆቹ እግራቸውን ሲመቱ የባየህ ላሞች ከመንገዱ ታጠፉ። የለመዱትን ቃጭል ተከትለው፣ በሕዝቡ መሃል፣ ቀጥታ ወደ መድረኩ። አንዷ መጋረጃዬን ማኘክ ጀመረች። ጨፋሪዎቹ ደርቀው ቀሩ። ባየህ ቢጮህ ማን ሰምቶት።

ሳልህ ብቻ አልደነገጠም። «እነሆ፣ የሙሽራዋ ዘመዶች ደረሱ» አለ በማጉያው።

ያኔ ማህደር ወጣች። «እንዳትንቀሳቀሱ። አንድም ቃጭል እንዳይሰማ። ሙዚቃውን አታቁሙ።» ትልቁን ቃጭል እግሯ ላይ አስራ ከመድረኩ ወረደች። ግራ እግር ቀደመ። እየጨፈረች ሜዳውን አቋረጠች፤ መሪዋ ላም ከኋላዋ፣ ሌሎቹ ከመሪዋ ኋላ። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ያጨበጭባል። በረት ድረስ ወስዳ አስገባቻቸው፤ ባየህ በሩን ዘጋ።

ስትመለስ ሕዝቡ «ትድገም» ይላል። መድረኩን ቀና ብላ አየችው... ወጣችበት። «ያቺ የወደቀችው» ያለ ሰው አልሰማሁም። «የማን ልጅ ናት?» ሲሉ ግን ሰማሁ።

አላለቀስሁም። ትንሽ ብቻ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ባየህ ጠዋት ቃጭሉን ሊወስድ መጣ። መሪዋ ላም ያለሱ ከበረት አልወጣም ብላ ሳምንቱን ሙሉ አስቸግራዋለች። ማህደር ግቢው ውስጥ አሥራ አንድ ሕፃናት ሰብስባ ግራ እግር ታስተምራለች። ቃጭሉን ከእግሯ ፈታ ሰጠችው።

«ለእኔ ሌላ ግዢልኝ፣ እማዬ።»

ከመስከረም ወዲህ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ነገር።

ሱቄን ዘግቼ ይፋግ ገበያ ወረድሁ። የከብት ቃጭል ሻጩ ዋጋውን ጠራ፤ የጠራውን ከፈልሁ። ያውቀኛል፣ ስንት ዓመት ተከራክረናል። እጁን ዘርግቶ ቀረ፤ «ታመሽ ነው እንዴ?» አለኝ።