የአማቴ ኩላሊት ሥራ ጀመረ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለታላቅ ወንድሜ ለአበይራትነ፣ ቬሮና።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ብርዱ ለቀቀልህ ወይስ አሁንም ሁለት ካልሲ ደርበህ ነው የምትተኛው? ስኳርህስ እንዴት ነው? መድኃኒትህን በሰዓቱ ትውጣለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልክ ትዘለዋለህ? ሚስትህ ማላኒስ ወገቧን ተሻላት? ልጆቹ እንዴት ናቸው? ተቀጥረህ የምትጦራቸው ሽማግሌስ አሁንም ኮታቸውን ለብሰው «ሥራ ረፈደብኝ» ይላሉ? እኔ ይኸው አለሁ። «አለሁ» የምትለዋን ቃል ድሮ ሰው ሁሉ እንደሚጽፋት ዝም ብዬ እጽፋት ነበር፤ ዛሬ ግን እጄ ላይ ከበደችኝ። አለሁ፣ ወንድሜ።

ባሌ ፕሬማሲሪ ደውሎ «ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል» እንዳለህ መስመሩ መቋረጡን ነግሮኛል። በማግስቱ እኔ ስደውልልህ አንተ ማልቀስ ጀመርክ፤ እኔም ተከተልኩህ፤ ነርሷ «ስፌትሽን ልትበጥሺው ነው እንዴ!» ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ስለዚህ በጽሑፍ ይሻላል አልኩ። ያለሁት ለብቻዬ በተከለለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጠያቂ በመስታወት በኩል እጁን ያወዛውዝልኛል እንጂ አይገባም። ልጄ ሂሩኒ ከትምህርት ቤት ደብተሯ ወረቀት ገንጥላ ላከችልኝ። ጊዜ ሞልቶኛልና ሁሉንም ከሥሩ ልንገርህ። በተለይ ኩላሊቱን ማን እንደሰጠኝ። እስካሁን እንዳይነግርህ ባሌን ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ ነገሩ ባይሳካ አንተን ሁለተኛ ሐዘን ላይ መጣል አልፈለግሁም።

አማቴ ናቸው የሰጡኝ። አዎ፣ ዲንጊሪ አማ። ካላመንክ ደግመህ አንብበው።

አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ሁሉ አታውቅም። ነገሩ የከረረው ከአራት ዓመት በፊት በመከር ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ሩዝ ሲያጭድ፣ እኔ ነዶ ተሸክሜ ጥቂት እንደተራመድኩ ጉልበቴ ይከዳኝ፣ ጥላ ሥር ቁጭ እንዳልኩም እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። እሳቸው በመንደሩ ሴቶች ሁሉ ፊት «ልጄ ያገባው ሚስት ነው ወይስ ምንጣፍ? በተዘረጋችበት የምትቀር!» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ማጭዴን ጥዬ ወደ ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲያ እኔ ከእሳቸው ድስት አልበላሁ፣ እሳቸውም ከእኔ ድስት አልበሉ። ግቢው አንድ፣ ማጀቱ ሁለት ሆነ። የምንነጋገረው በፕሬማሲሪ በኩል ብቻ ነበር። ሦስታችን አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እንኳ «ለሚስትህ ንገራት»፣ «ለእናትህ ንገራቸው» ነበር የምንባባለው። ምስኪን ባሌ በገዛ ቤቱ አስተርጓሚ ሆኖ ቀረ።

በዓመቱ እግሬና ፊቴ ሲያብጥ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሁለቱም ኩላሊቶቼ እያለቁ መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። እንደምታውቀው በእኛ አገር ይህ በሽታ የማያንኳኳው በር የለም። ከጉድጓዱ ውሃ ነው የሚል አለ፣ ከሙቀቱ ወይም ማሳ ላይ ከሚረጨው መድኃኒት ነው የሚልም አለ፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው ገና አልተስማሙም። ለካ ኩላሊት ሽንት ማውጣት ብቻ አይደለም ሥራው። ለአጥንት መቅኔ «ደም ሥራ» ብሎ መልእክት የሚልከው እሱ ነው። እሱ ሲደክም ሰውነቴ ደም አጥሮት ነበር። ስንፍና የተባለው ያ ነው።

ከዚያማ ያየሁትን አሳር በስልክ ሰምተሃል። በሳምንት ሁለቴ በአውቶቡስ ለኩላሊት እጥበት መሄድ፣ አራት አራት ሰዓት ከማሽን ጋር መታሰር። በቀን የሚፈቀድልኝ ውሃ ከግማሽ ሊትር አይበልጥም። በዚያ በሚጠብሰው የእኛ ፀሐይ! ደጃፋችን ያለውን የኮኮናት ውሃ እንኳ በዓይኔ ብቻ ነበር የምጠጣው፤ ውስጡ የሞላው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ልብን ያቆማል ብለው ከልክለውኛል። የመጨረሻዎቹን አስር ወራት አንዲት ጠብታ ሽንት አልወጣኝም። መጸዳጃ ቤት ገብተው በሚወጡ ሰዎች እቀና ነበር ብልህ ትስቅ ይሆናል፤ ግን እውነቴን ነው።

አንተ «የእኔን ውሰጂ» ብለህ ነበር፤ ስኳርህ ከለከለህ። ያን ቀን በስልኩ ውስጥ የሰማሁት ዝምታህ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እባክህ ከልብህ አውጣው። የፕሬማሲሪ ደም ከደሜ አልገጥም አለ። አባባ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሂሩኒ ልጅ ናት። በቃ፣ ተስፋዬን አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አማቴ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ በረንዳችን መጡ። እኔ ምስር እለቅም ነበር። ወደ እኔ ሳያዩ ለልጃቸው «ለሚስትህ ንገራት፣ አኑራዳፑራ ከተማ ሆስፒታል ሄጄ ደሜን አስመርምሬ መጣሁ። ለማንም የሚሰጥ ዓይነት ነው ብለውኛል። ኩላሊቴን ትውሰድ» አሉት። ምስሩ ከነሰፌዱ ከጭኔ ላይ ወደቀ። እኔም እልኸኛ አይደለሁ፣ «ለእናትህ ንገራቸው፣ አልፈልግም» አልኩ። እሳቸው ጃንጥላቸውን ዘርግተው እየወጡ «ንገራት፣ ፈቃዷን አልጠየቅኳትም» አሉ።

ምርመራው ሰባት ወር ፈጀ። ካንዲ ባለው ትልቅ ሆስፒታል ዊኒታ የምትባል ነርስ ሦስታችንን አስቀምጣ ሥዕል እያሳየች አስረዳችን። እያንዳንዱ ኩላሊት ከጭብጥ አይበልጥም፤ ውስጡ ግን ዓይን የማያያቸው አንድ ሚሊዮን ያህል ወንፊቶች አሉ። በቀን መቶ ሰማንያ ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ይጠልላሉ። መቶ ሰማንያ፣ ወንድሜ! ፕሬማሲሪ በባልዲ ቆጥሮት አፉን ከፈተ። ታዲያ አብዛኛውን መልሰው ለደም ይሰጡታል፤ ጨውን፣ ስኳሩን፣ ውሃውን፣ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ብቻ እየመጠኑ። ወደ ውጭ የሚለቁት ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ነው፤ ቆሻሻውና ትርፉ። አማቴ ሲያዳምጡ ቆይተው «ይኼማ የውሃ ዳኛ ነው» አሉ። የሞቱት ባላቸው የግድቡን ውሃ ለማሳዎች ያካፍሉ የነበሩ ሰው ናቸው። «የእኔ ሽማግሌ ሠላሳ ዓመት ውሃ አካፍሎ አንድም ቀን ሳይሰደብ አልዋለም። ይኼ ማንም ሳያመሰግነው ሌት ተቀን ያካፍላል!»

ዊኒታ ቀጠለች። ሽንቱ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው እንደ ጣሪያ ውሃ በቁልቁለት አይደለም፤ ቀጭኗ ቧንቧ ራሷ እየጨመቀች ትገፋዋለች፤ ሰው ተኝቶም ተዘቅዝቆም ቢሆን። ፊኛው ደግሞ እየተለጠጠ ይቀበላል፣ ሲበዛበት ያሳውቃል፣ ባለቤቱ እስኪፈቅድ ድረስም ይጠብቃል። አማቴ «ከልጄ ይልቅ ታዛዥ ነው» አሉ። ሳላስበው ሳቅሁ። በአራት ዓመት ውስጥ በእሳቸው ቀልድ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አይተውኝ ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ መለሱ።

የሥጋ ዘመድ ስላልሆንን ኮሚቴ ፊት መቅረብ ነበረባቸው። ፕሬማሲሪ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ሰምቷል። «ገንዘብ ተሰጥቶዎታል?» ብለው ጠየቋቸው። «በእሷ? ሰላምታ እንኳ አትሰጠኝም!» አሉ። «ታዲያ ለምን ይሰጧታል?» ሲሏቸው «ታማ ሳለች ሰነፍ አልኳት። መንደሩን ሁሉ አሳቅሁባት። ይቅርታ ማለት አላውቅበትም፤ ሞክሬ አፌ ላይ ደርቆ ይቀራል። ሌላ የምሰጣት ምን አለኝ?» አሉ። አንዲት ሐኪም «እማማ፣ ግዴታ እኮ የለብዎትም» ብትላቸው፣ «አውቃለሁ ልጄ። ግዴታ ቢሆን ኖሮ እምቢ እል ነበር» አሏት።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት የመንደራችን መነኩሴ ጸሎት የደገሙበትን ነጭ ክር በሁለታችንም የእጅ አንጓ ላይ አሰሩልን። እሳቸው ቀድመው ገቡ። በተሽከርካሪ አልጋ ሲያልፉ እጄን ዘረጋሁ፤ አልያዙትም፤ ክሩን ብቻ በጣታቸው ነካ አድርገው አለፉ። ከዚያ በኋላ እስክገባ ድረስ የጠበቅሁት ጊዜ ነው ከሁሉ ያስፈራኝ። ለራሴ አልነበረም የፈራሁት። «እኚህ ሴት በእኔ ምክንያት ባይነሡስ?» እያልኩ ነበር።

የሆነውን ቀዶ ሐኪሙ በኋላ ነገረኝ። ኩላሊቱ ከእሳቸው ወጥቶ በረዶ ውስጥ ሲቀመጥ ቀለሙ አመድ ይመስላል። የእኔን ሁለቱን አሮጌዎች ከነቦታቸው ትተዋቸው አዲሱን እዚህ ከቀኝ ዳሌዬ በላይ ከፊት ለፊት አስቀመጡትና፣ ወደ እግር ከሚወርዱት ትላልቅ ደም ሥሮች ጋር ሰፉት። ደሜ እንዲገባበት መቆንጠጫውን ሲለቁት እያዩት ቀላ፤ ጠነከረ፤ መምታት ጀመረ። ቧንቧውን ገና ከፊኛዬ ጋር ሳይሰፉት ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች፣ ሌላ ተከተለች። «ሃያ ዓመት ይህን ሥራ ሠርቻለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል» አለኝ። አስበው ወንድሜ! ከሰው ወጥቶ፣ በርዶ፣ ሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ የማን ደም እንደሆነ ሳይጠይቅ ሥራውን ጀመረ።

ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት በአልጋዬ ጎን የተንጠለጠለውን ከረጢት ነው። እስከ ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ፈሳሹ ገና እንደፈላ ቀጭን ሻይ የጠራ ነው። ነርሷን «የማን ነው?» አልኳት። «የማን ይሁን? ያንቺ ነዋ!» አለችኝ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ስምንት ሊትር ለኩ። ዊኒታ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥታ «ጠጪ» ስትለኝ፣ ከልማዴ የተነሣ ከንፈሬን ብቻ አርጥቤ መለስኩላት። «ሁሉንም ጠጪው። ከዚያ ሌላ አመጣልሻለሁ» አለች። ጠጣሁት። እየጠጣሁ አለቀስኩ። ውሃ በጉሮሮ ሲወርድ ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር።

አማቴ በአምስተኛው ቀን የአፍ መሸፈኛ አድርገው እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ጎናቸውን ይዘው፣ በግድግዳው ተደግፈው ቀስ እያሉ መጡ። ተሻለሽ ወይ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ፤ ቀጥ ብለው ወደ ከረጢቱ ሄደው ጎንበስ አሉና አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይሠራልሻል?» አሉኝ። አንቺ ብለው፤ አስተርጓሚ ሳይኖር። «ይሠራል እማዬ፣ በደንብ ይሠራል» አልኳቸው። እማዬ ብያቸው አላውቅም ነበር። «ይሥራ እንጂ! በእኔ ቤት ሰነፍ የለም» አሉና ወዲያው ያሉት ነገር ለራሳቸው ተሰማቸው፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ወንበሩን ወደ አልጋዬ አስጠግተው ተቀመጡ።

ትናንት የሽንቱን ቱቦ አወጡልኝ። ፊኛዬ ሥራ ፈትቶ ስለከረመ ተጨማዶ ትንሽ ሆኗል፤ በየሃያ ደቂቃው ያስነሣኛል፤ ቀስ በቀስ ይለጠጣል ብለውኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እግር መጸዳጃ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ድምፁን ስሰማ፣ ሰው ቤተ መቅደስ ሲገባ የሚሰማውን ያህል ተሰማኝ፤ ነውር ከሆነ ይቅር በለኝ። ለካ ስንት ሺህ ጊዜ እንዲሁ ተቀምጠን ተነሥተናል፣ አንድም ቀን ሳይገርመን።

ዊኒታ ደግሞ ከሁሉ የበለጠውን ነገረችኝ። ሕፃን ኩላሊቱ ሥራ የሚጀምረው ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ነው። እንግዲህ ይህች በሆዴ ያለችው ከሃምሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ስሟን እንኳ በማላውቃት በአማቴ እናት ሆድ ውስጥ፣ ከመንትያዋ ጋር ሥራ ጀምራለች ማለት ነው። ዛሬ አንዷ እዚህ፣ አንዷ በኮሪደሩ ማዶ ባለው ክፍል ናት። የቀረችው ትንሽ ተልቃ የሁለቱን ሥራ ትሠራለች አሉን። ይህን ስጽፍልህ አማቴ ተኝተዋል፣ እኔ ነቅቻለሁ፤ ሁለቱ እህትማማቾች ግን በሁለት ሴቶች ውስጥ በአንድ ላይ ደም ያጥባሉ። ደጋግሜ እጄን ስፌቱ ላይ አደርጋለሁ።

አባባ ደህና ናቸው፤ «ልጄ ቀዝቃዛ አገር ነውና ድንብላል አፍልቶ ይጠጣ» ብለውሃል። ፕሬማሲሪ ሩዙን ጎረቤት አጭዶለት እዚሁ ከእኛ ጋር ነው፤ ሁለት ሕመምተኛ ያመላልሳል፤ ሰላም ይልሃል። ሂሩኒ ነርስ እሆናለሁ ማለት ጀምራለች፤ አጎቴን ሳሙልኝ ብላለች። ማላኒን ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ ንገርልኝ፤ ትልቁን ልጅህን ሩዋንን፣ ትንሿን ሳቺኒን ግንባራቸውን ሳምልኝ። ለሽማግሌውም ባያውቁኝም ሰላምታዬን ንገርልኝ። አማቴ «ለወንድምሽ ጻፊለት፣ እሱ የሰጠ ያህል ይቁጠረው፤ ተራውን ነው የቀደምኩት» ብለውሃል። አዎ፣ ለእኔው ለራሴ ነው የነገሩኝ።

ታናሽ እህትህ ስሪያላታ

ካንዲ፣ በሙሉ ጨረቃ በዓል ዕለት፣ ማርች 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.