በወረቀት እህቴ የሆነች ልጄ

ውድ አባቴ ኤሊጂዮ፣

እንደምን ከረሙ? ያ ቁርጥማት ጉልበትዎን ተወልዎት ወይስ ዛሬም ላም ሊያልቡ ቁጭ ሲሉ ያቃስታሉ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ ከምሠራበት ግንባታ አቧራ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። መዳፎቼን ገጥሜ ምርቃትዎን እየለመንኩ ነው የምጽፍልዎ።

በስልክ ልነግርዎ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ግን ስልኩን ሁልጊዜ የምታነሳው ሮሳልባ ናት። «ወንድም ጋሼ! አባዬ ካሳቫ እየነቀለ ነው፣ ልጥራልህ?» ትለኛለች። «ተይው፣ ሰላም በይልኝ» ብዬ እዘጋለሁ። ፈሪ ልጅ ነው የወለዱት።

ባለፈው ፋሲካ «እኔና እናትህ ደክመናል፣ ልጅህን ውሰድ» አሉኝ። ሮሳልባ ከተወለደች ጀምሮ «ልጅህ» ሲሉኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ደስ ብሎኝ፣ ላስመጣት እዚህ ቦነስ አይረስ ያለው የስደተኞች ቢሮ ሄድኩ። የልደት ወረቀቷን ያየችው ሴትዮ ሳቀችብኝ። «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ እህትህ ናት! አባቷ አባትህ፣ እናቷ እናትህ። በምን ሒሳብ ነው አባት ነኝ የምትለው?» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። መግቢያ ጠፋኝ።

ጠበቃ ጠየቅኩ። እርስዎ እዚያው አገራችን ካሳፓ ከተማ ሄደው ዳኛ ፊት «ልጅቷ የልጄ ልጅ ናት፤ ያኔ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ማለት አለብዎት አለኝ። ከዚያ የእኔና የእሷ ምራቅ ተመርምሮ አባትነቴ ይጸድቃል። ሌላ መንገድ የለም።

አባቴ፣ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል። በመንደራችን ሰው በከብት ሲጣላ «ኤሊጂዮ ምን አለ?» ነው የሚባለው። ያንን የታመነ ቃልዎን ሐሰት ነበር ይበሉ ብዬ ነው የምለምንዎ፤ ያውም ለእኔ ሲሉ የዋሹትን። በተማርኩባት ከተማ ፍቅረኛዬ ዴልሚራ በወሊድ ስትሞትብኝ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። «ልጁ ትምህርቱን ይጨርስ፣ ሕፃኗም ስም ይኑራት» ብለው በራስዎና በእማዬ ስም አስመዘገቧት። እማዬ እህቷ ዘንድ ከርማ ሕፃን ታቅፋ ስትመለስ፣ ጎረቤታችን ፔርፌክቶ መረብ ኳስ ሜዳው ላይ «ኤሊጂዮ፣ በስተርጅና ምን ጉድ ነው! ማታ ማታ የምትበላውን ለእኛም ንገረን እንጂ» እያለ አሽሟጠጠዎት። እርስዎ ፈገግ ብለው «ካሳቫ ነዋ» አሉ። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ አብሬ ሳቅኩ። ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል።

አሁን የዳኛው ጸሐፊ የፔርፌክቶ ልጅ ናት። ጠዋት የተናገሩት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ደግሞም «አባዬ» የምትልዎ ልጅ ናት የምትወሰድብዎ፤ ይህን ሳስብ ከገዛ ቤቴ የምሰርቅ ይመስለኛል። እምቢ ቢሉኝ አልቀየምዎትም።

ደብዳቤዎቼን የምታነብልዎ ሮሳልባ ስለሆነች ይህን በእማዬ ስም ልኬዋለሁ። እማዬ በር ዘግታ ታንብብልዎ። እሺ ካሉኝ ለልጅቷ ይስጧት፣ ራሷ ታንብበው። እምቢ ካሉ ምድጃ ውስጥ ይክተቱት፤ እኔም ወንድም ጋሼ ሆኜ እኖራለሁ።

እማዬን ሁለት እጆቿን ይሳሙልኝ። አክስቴ ብራውሊያን እንዴት ነሽ ይበሉልኝ፤ ዶሮዎቿ ተፈለፈሉላት? ለፔርፌክቶም ቢሆን ሰላምታዬ ይድረሰው። ለሮሳልባ ሁልጊዜ «ለእህቴ» ብዬ ነበር የምጽፈው፤ ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ። ጉንጯን ይሳሙልኝ። ከማን እንደተላከ እርስዎ ይንገሯት።

ልጅዎ ኢሲድሮ
ቦነስ አይረስ፣ ኦገስት 18 ቀን 2013